ዓይን የሚቀድምበት ገበታ፦ ውበቱ አፍ የሚያስከፍት የጃፓን ምግብ ቤት ገብቶ በወጉ ለመመገብ

የመጀመሪያዬ ዱባይ ነበር። የቤቱን ስም አልጠራም። ከደሞዜ ላይ ቆንጥሬ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ብዙ የተወራለት የጃፓን ሬስቶራንት ገባሁ። ጣሪያው ሰማይ ነው። ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ። መሃል ላይ ፍም የሚግልበት ምድጃ፣ ዙሪያውን ሼፎች። አስተናጋጇ ወስዳ ወስዳ ከአንድ ዓምድ ጀርባ አስቀመጠችኝ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊቴ የነበረው የመጸዳጃ ቤቱ በር ነው። ምግቡ አይታማም። ግን የከፈልኩት ለምግቡ ብቻ አልነበረም።

በእሷ አልፈርድም። እኔ አልጠየቅኩም፤ የባዶ ወንበር ዋጋ ሁሉ እኩል መስሎኝ ነበር።

በኋላ ቶኪዮና ኪዮቶ ሄጄ ነገሩ ገባኝ። የጃፓን ክፍል የሚሠራው ለቆመ ሰው አይደለም፤ ለተቀመጠ ሰው ዓይን ነው። መስኮቱ ዝቅ ያለው፣ ሥዕሉ ዝቅ ብሎ የተሰቀለው፣ የግቢው ድንጋይ እዚያ ቦታ ላይ ያረፈው መሬት ላይ ተቀምጦ ለሚያይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቤት ስትሄዱ ትልቁ ትዕዛዝ ሜኑው ላይ የለም። ትልቁ ትዕዛዝ የት እንደምትቀመጡ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ ይነሳል።

1. መጀመሪያ የምትፈልጉትን የውበት ዓይነት ለዩ

"የሚያምር የጃፓን ሬስቶራንት" ብላችሁ ብትፈልጉ ስልካችሁ ሁሉንም ቀላቅሎ ያመጣላችኋል። ቤቶቹ ግን አይመሳሰሉም።

እሳትና ጫጫታ የምትወዱ ከሆነ ኢዛካያ ወይም ሮባታያኪ ነው የእናንተ ቤት። ኢዛካያ ማለት እየጠጡ ትንሽ ትንሽ ምግብ የሚያዙበት ቤት ነው። ሮባታያኪ ደግሞ ፊታችሁ ከሰል ላይ እየጠበሱ የሚያቀርቡበት። ቶኪዮ ሮፖንጊ ውስጥ ኢናካያ የሚባል አለ። ጠባሾቹ ተንበርክከው፣ ዙሪያቸውን አትክልትና ዓሣ ደርድረው፣ የተጠበሰውን በረጅም የእንጨት መቅዘፊያ ከእሳቱ ማዶ ያቀብሏችኋል። ያዘዛችሁትንም እየተቀባበሉ በጩኸት ይደግሙታል። እዚያ ከባንኮኒው ሌላ ቦታ መቀመጥ ድግስ ቤት ሄዶ ከድንኳኑ ውጪ እንደ መብላት ነው።

ቶኪዮ ኒሺ አዛቡ ሰፈር ያለው ጎንፓቺ ደግሞ በትልቅነቱ ያስደነግጣል። የድሮ የጃፓን ቤት መልክ ያለው፣ መሃሉ እስከ ጣሪያው ክፍት የሆነ ሰፊ አዳራሽ ነው። ዙሪያውን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁልቁል የሚያዩ መቀመጫዎች አሉ። የካቲት 2002 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ጠቅላይ ሚኒስትር ኮይዙሚ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን እራት የጋበዙት እዚህ ነው። ዋጋው ግን የመሪዎች አይደለም፤ ሶባ የሚባለው ኑድልና በስንጥር የተጠበሰ ሥጋ የሚበላበት ቤት ነው። ቦታ ስትይዙ "ሁለተኛ ፎቅ፣ ወደ ታች የሚያሳየው ጠርዝ ላይ" በሉ። ምድር ቤት ከተቀመጣችሁ ጫጫታው ይደርሳችኋል፣ እይታው ግን ያመልጣችኋል።

ጸጥታ ለሚፈልግ ኪዮቶ አለች። የኪዮቶ የድሮ የነጋዴ ቤቶች ማቺያ ይባላሉ። ፊታቸው ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ግን ረጅም ናቸው። ነዋሪው ራሱ "የኢል መኝታ" ይላቸዋል፤ ኢል ያ እንደ እባብ የረዘመው ዓሣ ነው። ቤቱ እንዲህ ሲረዝም መሃሉ ይጨልማል። ስለዚህ ውስጡ ላይ ጣሪያ የሌለው ትንሽ የአትክልት ቦታ ይተዋሉ፤ ጹቦኒዋ ይሉታል። ብርሃንና አየር የሚገባው በእሱ ነው። አንድ ዛፍ፣ አንድ የድንጋይ ፋኖስ፣ ትንሽ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት (ሞስ) የለበሰ መሬት። ብዙዎቹ ዛሬ ምግብ ቤት ሆነዋል። ከእነዚህ አንዱ ጋ ስትደውሉ ከመንገድ ዳር ያለውን መስኮት እንዳትጠይቁ። ውበቱ ያለው ከውስጥ ነው።

በጃፓኖች በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት፣ ከሄዳችሁ ደግሞ የካሞ ወንዝ ዳር ምግብ ቤቶች ከግንቦት ጀምሮ እስከ መስከረም ከቤታቸው ጀርባ በወንዙ በኩል የእንጨት መደብ ይዘረጋሉ። የዚያ ቤት ጣሪያ ሰማይ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ኪቡኔ ውስጥማ መደቡ የሚዘረጋው ከሚፈሰው ውሃ በላይ ነው። ዝናብ ከመጣ ወደ ውስጥ ያስገቧችኋል፤ ቦታ ስትይዙ "ከዘነበ ምን ታደርጋላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ።

ለብዙዎቻችን ቅርብ የሆነው ግን አራተኛው ዓይነት ነው፦ ከጃፓን ውጪ ያለው ዘመናዊ ቤት። የዚህ ወግ ትልቁ ጀማሪ ኖቡ ነው። ሼፍ ኖቡ ማትሱሂሳ በወጣትነቱ ሊማ፣ ፔሩ ውስጥ ሠርቷል፤ ሎሚና ቃሪያ ከጥሬ ዓሣ ጋር የለመደው እዚያ ነው። በ1994 ከተዋናዩ ሮበርት ዴ ኒሮ ጋር ኒውዮርክ ትራይቤካ ላይ ሲከፍት ውስጡን የሠራው ዴቪድ ሮክዌል ነበር። ዓምዶቹን የበርች ዛፍ አስመሰላቸው። አንዱን ግድግዳ በጥቁር የወንዝ ጠጠር ሞላው። የባሩ ወንበሮች እግር ቾፕስቲክ ይመስል ነበር። ያ ቤት በ2017 ወደ ሌላ አድራሻ ተዛውሯል፤ ስሙ ግን ዱባይም ዶሃም ዋሽንግተን ዲሲም አለ።

ዱባይ የፋይናንስ ማዕከሉ ውስጥ ያለው ዙማም የዚሁ ዘር ነው። መሥራቹ ራይነር ቤከር ጀርመናዊ ሼፍ ነው፤ ቶኪዮ ስድስት ዓመት ሠርቶ በ2002 ለንደን ላይ ከፈተ። የዱባዩ በ2008 ተከተለ። የውስጡን ንድፍ የሠራው ጃፓናዊው ኖሪዮሺ ሙራማትሱ ነው። ድንጋይ፣ እንጨት፣ መስታወት፤ ከዚያ ውጪ ብዙ ነገር የለም። ወጥ ቤቱ ለሦስት የተከፈለ ነው፦ ዋናው ኩሽና፣ የሱሺ ባንኮኒና የሮባታ ምድጃ። ሁለቱ ፊታችሁ ናቸው። ከሁለቱ ባንኮኒዎች አንዱ ላይ ተቀመጡ።

2. ምሳ ሂዱ

ይህን ምክር ማንም ቀድሞ ቢነግረኝ ስንት ብር ይተርፈኝ ነበር። ጃፓን ውስጥ እራቱ የማይቀመስ ቤት ለምሳ በግማሽ ዋጋ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ያስተናግዳል። ሼፉ ያው ነው፤ ክፍሉም ያው። ባሕረ ሰላጤው ላይም ትልልቆቹ ቤቶች በሥራ ቀን የምሳ ጥቅል አላቸው።

ሌላም ጥቅም አለው። የወረቀት በሮቹ፣ ሾጂ የሚባሉት፣ ውበታቸው የሚወጣው ቀን ነው። ብርሃኑ በወረቀቱ ውስጥ ሲያልፍ ይለሰልሳል። ለእሳት ግን ማታ ይሻላል። ሮባታ ቤት በጠራራ ፀሐይ መሄድ ደመራን በቀን እንደ ማየት ነው።

ጃፓን ውስጥ ምሳ ብዙ ጊዜ ከ5፡30 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። የመጨረሻው ትዕዛዝ ደግሞ ከመዘጋቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል። "አሁንም ክፍት ነው" ብላችሁ በመጨረሻዋ ደቂቃ እንዳትደርሱ።

3. ቦታ ስትይዙ አራት ነገር ተናገሩ

ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት፣ የት መቀመጥ፣ ምን አለመብላት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሁሉም ሰው ይናገራል። ጉዳዩ ያለው በኋለኞቹ ላይ ነው።

ለመቀመጫው አራት ቃል ያዙ። ካውንታ ባንኮኒው ነው። ዛሺኪ ታታሚ ላይ፣ ማለትም ወለሉን በሚሸፍነው የገለባ ምንጣፍ ላይ፣ መሬት የምትቀመጡበት ክፍል ነው። ሆሪጎታትሱም መሬት ላይ ነው፣ ግን ከጠረጴዛው ሥር እግር ማውረጃ ጉድጓድ አለው። ኮሺትሱ ለብቻችሁ የሚዘጋ ክፍል ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው አብሯችሁ ካለ ሆሪጎታትሱ በሉ። ከውጪ ሲያዩት መሬት መቀመጥ ነው፤ ከጠረጴዛው ሥር ግን እግራችሁ እንደ ወንበር ይንጠለጠላል።

የክፍል ስፋት በካሬ ሜትር ሳይሆን በታታሚ ቁጥር ሊነግሯችሁ ይችላሉ። አንድ ታታሚ በግምት 90 በ180 ሳንቲ ሜትር ነው። ስድስት ታታሚ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይጠጋል፤ ለአራት ሰው ይበቃል።

አሁን ስለ አለመብላት። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ሐበሻ የሚሳሳተው እዚህ ነው።

"ጾመኛ ነኝ፣ አትክልት ብቻ" ብላችሁ ብትናገሩ አስተናጋጁ በፈገግታ "እሺ" ይላል። የሚመጣው አትክልት ግን የተቀቀለው ዳሺ በሚባል መረቅ ነው። ዳሺ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ከባሕር አረምና ከደረቀ የቦኒቶ ዓሣ ነው። ሾርባው ውስጥ አለ፣ ድስቱ ውስጥ አለ፣ የሰላጣው ማባያ ውስጥም አለ። ዓሣን በጾም ለሚበላ ችግር የለውም። ለማይበላ ግን "ዓሣም፣ የዓሣ ዳሺም የለበትም" ብሎ ለይቶ መናገር ግድ ነው፤ ያውም ከቀናት በፊት።

የአሳማ ሥጋ ለማይበላ "ቡታኒኩ ዋ ታቤራሬማሰን" ይበቃል። ቶንኮትሱ ራመን የሚባለው ኑድል ነጭ መረቁ የአሳማ አጥንት ነው፤ ላዩ ላይ ሥጋ ባይኖርም። ሽሪምፕ፣ ስኩዊድ፣ ኦክቶፐስ፣ ኢል የማትበሉ ከሆነ እያንዳንዱን ጥሩ። "ዓሣ እበላለሁ" ካላችሁ ጃፓናዊው ሁሉንም የባሕር ፍጥረት ጠቅልሎ ይረዳዋል። አልኮል ለማይነካ ሙስሊም ደግሞ ሚሪንና ሳኬ የሚባሉት የሩዝ መጠጦች በብዙ ማጣፈጫ ውስጥ እንዳሉ ይወቅ።

ረቡዕና ዓርብ ኪዮቶ ውስጥ ካገኛችሁ አንድ ጥሩ መውጫ አለ። የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ሾጂን ርዮሪ ይባላል። ሥጋ የለበትም፣ ዓሣ የለበትም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለበትም። አራሺያማ፣ ቴንርዩጂ ገዳም ግቢ ውስጥ ሺጌትሱ የሚባል ምግብ ቤት አለ። ሰፊ ታታሚ ክፍል ነው። ምግቡ በሚያብረቀርቅ ቀይ የእንጨት ሳህን ተደርድሮ ቀይ ምንጣፍ ላይ ይቀርባል። ቶፉ፣ የሰሊጥ ፑዲንግ፣ የተቀቀለ ሥራሥር። በያይነቱ ያሳደገው ሰው እዚያ ባዕድ አይሆንም። ስትጨርሱ የገዳሙ የአትክልት ቦታ አለላችሁ፤ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ቦታ ይዞ መቅረት እዚያ አገር ከባድ ነውር ነው። ትንሽ ባንኮኒ ያለው ሼፍ ዓሣውን ጠዋት የገዛው በእናንተ ቁጥር ልክ ነው። ብዙዎቹ የካርድ ቁጥር ይይዛሉ፤ ከቀራችሁ ይቆርጣሉ። ጃፓንኛ ካልቻላችሁ የሆቴላችሁ እንግዳ ተቀባይ ይደውልላችኋል፤ ወይም ቴብልቼክ በሚባለው መተግበሪያ በእንግሊዝኛ መያዝ ይቻላል። ደረጃ የምታዩት ታቤሎግ በሚባለው የጃፓን ምግብ ቤቶች መመዘኛ ድረ ገጽ ላይ ከሆነ ደግሞ ከ5 ላይ 3.5 አይታችሁ አትናቁ። ጃፓኖች ነጥብ ሲሰጡ እጃቸው አይፈታም፤ 3.5 እዚያ ጎበዝ ቤት ነው።

4. ካልሲ

ለብቻው ርዕስ የሰጠሁት በቁጭት ነው። ኪዮቶ ውስጥ ጫማዬን ሳወልቅ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ከካልሲው ውጪ ቆሞ ተቀበለኝ። ምሽቱን ሙሉ አንዱን እግር በሌላው ስደብቅ አመሸሁ። አዲስ ካልሲ አድርጉ። ባዶ እግር የምትሄዱ ከሆነ ቦርሳችሁ ውስጥ አንድ ጥንድ ያዙ፤ እንዲህ ባለ ቤት ታታሚን በባዶ እግር መርገጥ ጨዋነት አይደለም። ማሰሪያው የሚበዛ ቡት ጫማም ቤት ይቅር።

ሽቶ አትቀቡ። ሱሺ ባንኮኒ ላይ የጎረቤታችሁ አፍንጫ የዓሣውን ጠረን እየፈለገ ነው። ዱባይ ለኖረ ሰው ዑድ ሳይቀቡ መውጣት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለአንድ ቀን ቻሉት።

5. ደጃፉ ላይ አትሩጡ

በሩ ላይ የተንጠለጠለው ጨርቅ ኖረን ይባላል። ከተሰቀለ ክፍት ነው፤ ከወረደ ተዘግቷል። ከወለሉ ዳር የጨው ክምር፣ እንደ ትንሽ የጎጆ ጣሪያ ሾጠጥ ያለ፣ ካያችሁ በእግራችሁ እንዳትበትኑት። በረከት ይጠራል፣ ክፉ ያርቃል ብለው ያስቀመጡት ነው። ድንጋዩ እርጥብ ከሆነም የዘነበ አይምሰላችሁ። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ውሃ ይረጫሉ። እኛ ቄጠማ እንደምንጎዘጉዘው ማለት ነው፤ "እየጠበቅናችሁ ነው" ነው ትርጉሙ።

ጫማ የሚወልቀው ወለሉ ከፍ ከሚልበት ደረጃ በፊት ነው። ቤተ ክርስቲያን ጫማ እያወለቀ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ካወለቃችሁ በኋላ ታችኛውን ወለል በካልሲ አለመርገጣችሁ ነው። አውልቃችሁ በቀጥታ ወደ ላይ ውጡ። ከፍ ያለውን ወለል በሲሊፐር ከሄዳችሁ ደግሞ ታታሚው ጋ ስትደርሱ ሲሊፐሩም ይወልቃል። መጸዳጃ ቤት የራሱ ሲሊፐር አለው። እሱን አድርጋችሁ ወደ ገበታው እንዳትመለሱ። ሁሉም ያያል፣ ማንም አይናገርም፤ እሱ ነው የሚብሰው።

የበሩን ደፍና የታታሚውን የጨርቅ ጠርዝ አትርገጡ፤ ተሻገሩት።

6. ከመቀመጣችሁ በፊት እዩ፣ ከተቀመጣችሁ በኋላ እንደገና እዩ

ታታሚ ክፍል ውስጥ አንዱ ግድግዳ ገባ ብሎ፣ ወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ቶኮኖማ ይባላል። አንድ የተንጠለጠለ ጽሑፍ ወይም ሥዕል፣ አንድ አበባ አለበት። ለወቅቱ፣ አንዳንዴም ለእናንተ ተብሎ የተመረጠ ነው። ቦርሳ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ይመስላል። አይደለም። ምንም አታስቀምጡበት፣ አትውጡበት።

የክብር እንግዳ የሚቀመጠው ከበሩ ርቆ፣ ጀርባውን ለቶኮኖማው ሰጥቶ ነው። አዎ፣ የክፍሉ ዋና ውበት ከጀርባው ይሆናል። ስለዚህ እንደገባችሁ ሄዳችሁ ፊት ለፊቱ ቁሙና እዩት። ነውር የለውም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። "ምን ይላል ጽሑፉ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ለአስተናጋጇ ከምንም ጉርሻ በላይ ነው። ታላቅ ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ አባት ወይም አለቃ፣ እዚያ አስቀምጧቸው። እናንተ በሩ ሥር ሁኑ፤ የሚመጣውን መቀበል የእናንተ ሥራ ነው።

አሁን ተቀመጡ። ተንበርክኮ መቀመጥ ሴይዛ ይባላል፤ አምስት ደቂቃ ሞክሩት። ከዚያ "ዘና በሉ" ይሏችኋል። ወንዶች እግር አጣጥፈው፣ ሴቶች እግራቸውን ወደ ጎን አድርገው ይቀመጣሉ። ክፍሉን እንደገና እዩ። ቆማችሁ ያያችሁት ክፍል አይደለም። መስኮቱ ወርዶ ከዓይናችሁ ጋር ገጥሟል። ጥድ የነበረው የግቢው ዛፍ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ሆን ተብሎ ነው።

ብዙ ክፍሎች ደብዘዝ ያለ ብርሃን ነው ያላቸው። መብራት የጠፋ መስሏችሁ ስልካችሁን አታብሩ። ጥቁሩ ሳህን ላይ ያለችው ወርቃማ መስመር የምትታየው ጨለም ሲል ነው። ዓይናችሁ እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ስጡት።

ባንኮኒ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የተደገፋችሁበትን እንጨት ንኩት። ምርጥ ሱሺ ቤቶች ውስጥ ከአንድ ግንድ የወጣ የሂኖኪ ጣውላ ነው። ሂኖኪ ከእኛ ጥድ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ሽታው ያስታውቃል። ሼፉ በየቀኑ ያሸዋል። ስልክ፣ ቁልፍ፣ የብረት ሰዓት አታስቀምጡበት፤ ይጫራል።

7. አበላሉ

ሙቅ ፎጣ ይመጣል። ለእጅ ነው። ፊትና አንገት ሲጠርጉበት አይቻለሁ፤ እናንተ አታድርጉት።

ኢዛካያ ውስጥ ሳታዙት ትንሽ ሳህን ይቀርባል። ኦቶሺ ነው፤ እንደ መቀመጫ ሂሳብ ቁጠሩት። ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 500 የን ነው። "አላዘዝንም" ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም።

ሜኑው ካደናገራችሁና ኪሳችሁ ከፈቀደ "ኦማካሴ" በሉ፤ ለእርስዎ ትቼዋለሁ ማለት ነው። ዋጋውን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሱሺን በእጅ መብላት ይቻላል። ይህን ስሰማ ነፍሴ ተመለሰች። ጥፍጥፏን ገልበጥ አድርጋችሁ ዓሣውን ብቻ ሶያ ሶስ አስነኩት፤ ሩዙ ከነካ ይፈርሳል። በአንድ ጉርሻ ጨርሱት። ሼፉ እንዳስቀመጠላችሁ ብሉ፤ ጓደኛ መጠበቅ የለም። ዝንጅብሉ ከአንዱ ዓሣ ወደ ሌላው ስትሻገሩ አፍ ማጽጃ ነው። ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ለለመደ ሰው ሳሺሚ፣ ጥሬው ዓሣ፣ አያስፈራም። ዋሳቢም ቢሆን ሰናፍጭን ለሚያውቅ አፍንጫ ወዳጅ ነው። ያችኑ ያህል ጥንቃቄ ግን አድርጉ፤ በማንኪያ የሚዛቅ አይደለም።

የሾርባ ሳህን በእጅ ተነስቶ በአፍ ይጠጣል። ኑድል ሲበላ ድምፅ ማሰማት ነውር አይደለም፤ እናቶቻችን ባያዩ ይሻላል እንጂ። መጠጥ ለራሳችሁ አትቅዱ። ለጎናችሁ ቅዱ፣ እሱ ይቀዳላችኋል። ሁሉም ሳይቀዳለት አይጠጣም፤ ከዚያ "ካምፓይ"።

ቾፕስቲክን ሩዝ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትትከሉ፤ ለሙታን የሚቀርብ ሩዝ ነው እንደዚያ የሚደረገው። ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክም ምግብ አታቀባብሉ። አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰብ አጥንቱን የሚያነሳው በዚያ መንገድ ነው። ስለዚህ የእኛ ጉርሻ፣ የፍቅሩ ጉርሻ፣ እዚያ ገበታ ላይ ቀብር ያስታውሳል። ለወዳጃችሁ ማካፈል ከፈለጋችሁ ትንሽ ሳህን ላይ አድርጉለት።

8. ፎቶ

"ሻሺን ኢይ ደስ ካ?" ብላችሁ አስፈቅዱ። ፍላሽ አይሆንም፤ የሌላ እንግዳ ፊትም አይሆንም። ቆማችሁ አታንሱ፤ ተቀምጣችሁ፣ ስልኩን ዓይናችሁ ልክ አድርጋችሁ አንሱ። ክፍሉ ራሱ ይስተካከልላችኋል። ሁለት ሦስት ካነሳችሁ በኋላ ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ዓሣውም አይጠብቅም፣ ሼፉም አይጠብቅም።

9. ሂሳብና መውጣት

"ኦካይኬይ ኦኔጋይ ሺማስ" ስትሉ ሂሳብ ይመጣል። ገንዘቡ በእጅ ሳይሆን ትንሿ ትሪ ላይ ይቀመጣል። ጃፓን ውስጥ ተቀምጦ ለሚበላ 10 በመቶ ታክስ አለ፤ ውድ ቤቶች ከ10 እስከ 15 በመቶ የአገልግሎት ይጨምራሉ። ጉርሻ ግን የለም። የገንዘቡም ጉርሻ አይሠራም ማለት ነው። ጠረጴዛ ላይ ብትተዉ ረስታችሁት መስሏቸው እስከ መንገድ ሮጠው ይመልሱላችኋል። ዋሽንግተን ከሆናችሁ ይህን እርሱት፤ እዚያ 18 እና 20 በመቶ ይጠበቃል። ዱባይ ላይ ደረሰኙን እዩ፣ አገልግሎቱ ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ስትነሱ "ጎቺሶሳማ ዴሺታ" በሉ። ስላበላችሁን እናመሰግናለን ነው። ለሼፉ ቀና ብላችሁ፣ ዓይኑን እያያችሁ።

ደጃፉ ላይ ጫማችሁን ስትፈልጉ አፍንጫው ወደ ውጪ ዞሮ ታገኙታላችሁ። እናንተ ስትበሉ አንድ ሰው መጥቶ አዙሮላችኋል። ኪዮቶ ውስጥ አስተናጋጇ እስከ ውጪ ትሸኛችኋለች። ትጎነበሳለች። እናንተም አንገታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ሂዱ። መንገዱ ጥግ ላይ ስትደርሱ ግን አንዴ ዞር በሉ። አሁንም እዚያው ቆማ ትጠብቃለች፤ እስክትታጠፉ ድረስ አትገባም።